ቤቱን ያጸዳሁ ቀን

እሁድ፣ ማርች 2

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው። ቁርስ፣ ባስ፣ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር፣ ቸርች። ግን ዛሬ ስሜ ተጠራ! ሃምሳ ሰዓት የሠለጠንን ስድስት ሰዎች መድረክ ላይ ወጣን፤ መጋቢው እጁን ጭኖ ጸለየልን። ከዛሬ ጀምሮ «የእንክብካቤ አገልጋይ» ነኝ። እኔ ዓያንቱ! በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ የተቸገረ ሰው ጋር መቀመጥ። መስማት። ምክር አለመስጠት፣ የሰሙትን አለማውጣት። አሠልጣኛችን ጋሽ ሳህሉ እኔን እኔን እያዩ «እኛ ጆሮ እንጂ አፍ አይደለንም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን ላድርግ… አፌ አያርፍማ!

ብዙ ቆሜ ወገቤን አመመኝ። የምሠራበት ዌርሃውስ (መጋዘን) ካርቶን ነው። ይተወኛል።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ሰው ተሰጠኝ!! እትዬ ዓለምጸሐይ። ባላቸው ካረፉ ስምንት ወር፤ ከዚያ ወዲህ ቸርች አልመጡም። (ስማቸውን እዚህ መጻፍ ይፈቀድልኛል? ደብተሬን ከኔ ሌላ ማን ያነበዋል…)

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ውይ ጉዴ! ሰዓቱን ሙሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ባሱ፣ ስለ ነቀምት ዝናብ… «እንዴት ነዎት?» ስላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ከዚያ ጸጥ። ጸጥታው ያስጨንቀኛል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ሲሸኙኝ «ጨዋታሽ ደስ ይላል ልጄ» አሉኝ። አፈርኩ። ግን ደግሞ እንዴት ደስ የሚሉ ሴት ናቸው! እስከ ቅዳሜ እንዴት ልጠብቅ?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ሆነልኝ! ራሳቸው ጀመሩ።

ልጃቸው ፐርዝ ናት፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት፤ የእናቷ ብቻቸውን መኖር አስፈርቷታል። ሐሙስ ከመንግሥት አሴሰር፣ ማለት እርዳታ ያስፈልጋቸው እንደሆነ የሚመዝን ሰው፣ ይመጣል። ቤት እየመጣ የሚያግዛቸው ሰው ከተፈቀደ እዚሁ ይቀራሉ። ካልተፈቀደ ቤቱን አስረክበው ፐርዝ፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ።

«ጠዋት ጠዋት ሰፊያ በአጥሩ በኩል ትጠራኛለች» አሉ። ሰፊያ ጎረቤታቸው ናት፣ የወሎ ሰው። «በሕይወት ማደሬን ልታውቅ ነው። ፐርዝ ማን ይጠራኛል?»

አይሄዱም። እኔ እያለሁ? አይሄዱም!

ረቡዕ፣ ማርች 19

ከሺፍት በቀጥታ ሄጄ ቤታቸውን ከጥግ እስከ ጥግ አጸዳሁት። ምንጣፉ፣ መስኮቱ፣ ሻወር ቤቱ… ያበራል! ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ሳፋና ፎጣ ነበር፤ እንግዳ እንዳያየው ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለነገ የሚለብሱትን የአበሻ ቀሚስም ተኮስኩ። ወገቤ ቁርጥ ሊል ነው። ምንም አይደለም።

ሐሙስ፣ ማርች 20

አለፍን!!! «አጠገቤ ቁጭ በዪልኝ» ብለውኝ ሺፍቴን አስቀይሬ ሄድኩ። አሴሰሯ ጥሩ ሴት ናት፤ አስተርጓሚው በስልክ። «ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ወድቀው ያውቃሉ?» «ኧረ እሱ ይጠብቀኝ!» «ምግብ ማብሰልስ?» መልሱን በቃል ማን ይሰጣል… ብድግ ብለው የሠሩትን ዶሮ ወጥ በትሪ አቀረቡላት! ሴትዮዋ እየሳቀች በላች። ቤቱንም አደነቀች። ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኟት።

እንዴት ኮራሁባቸው! በባስ ስመለስ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ደብዳቤው መጣ። አልተፈቀደም። «ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ስለሆነ» ይላል።

ልጃቸው በሜይ መጨረሻ ዕቃ ልታሽግ ትመጣለች። ቲኬት ቆርጣለች።

እኔ ነኝ። ዶሮ የሚያቀርብን፣ ቤቱ እንደ ሙሽራ ቤት ያጌጠን ሰው ማን ያግዘዋል? ችግሩን በእጄ ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ጠዋት ጋሽ ሳህሉን አገኘኋቸው። የማን ቤት እንደሆነ ሳልናገር ሁሉን ዘከዘክኩ። ተቆጡኝ? አልተቆጡም። «ቤቱ እንዲጸዳ የፈለገው ማነው? እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ?» አሉ። እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል ብለውኛል። «ግን የሚጠይቁት እሳቸው ይሁኑ።»

ከዚያ ወደ እትዬ ዓለምጸሐይ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እየሰማሁ… አፌን ለመክፈት ስንቴ ቃጣኝ!

«ወድቄ ነበር» አሉ።

ፌብሩዋሪ ላይ ነው፣ ሻወር ቤት። ጠዋት ሰፊያን አነጋግረው እንደገቡ። እዚያው የወደቁበት ቀሩ፤ የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድምፃቸውን እስኪሰሙ ድረስ መሬት ላይ፤ ከዚያ በስንት መከራ ብቻቸውን ተነሱ። ለልጃቸው አልተናገሩም። ለሰፊያም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻወር ቤቱን ፈርተው የሚታጠቡት ኩሽና ቁጭ ብለው ነው። በሳፋ!

ሳፋው… እኔ የደበቅኩት!

«ይህን ለሴትዮዋ ሊነግሯት ይችላሉ?» አልኩ። ይቺን ብቻ።

«ገመናዬን ለፈረንጅ?»

አልጎተጎትኩም። (ጋሽ ሳህሉ ባዩኝ!) ስወጣ እትዬ በሩ ላይ ያዝ አደረጉኝና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገሬ ሰው። ሰኞ አብረን እንደውል» አሉ።

ባስ ስቴሽኑ ድረስ በሩጫ ነው የሄድኩት! ወገቤም ትዝ አላለኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ያችው አሴሰር መጣች። ቤቱ አልተጸዳም። ሳፋው ወንበሩ ላይ፣ ፎጣው ጎኑ ላይ። የትናንት ሳህን ሲንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል… እጄን ታፋዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አስተርጓሚው «እንዴት ነዎት?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አበቃ፣ ፐርዝ! በልቤ ስጸልይ ሳላስበው ወደ ኦሮምኛ ገብቻለሁ።

እትዬ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አይደለሁም» አሉ።

ሁሉንም ተናገሩ። ፌብሩዋሪን፣ መሬቱን፣ ሳፋውን። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሴትዮዋ መጻፉን ትታ እጃቸውን ያዘች። ዶሮም አልበላችም፣ አልነበረማ!

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ተፈቀደ!!! ተፈቀደ ተፈቀደ ተፈቀደ!

በሳምንት ሦስት ቀን የምታጥባቸው ሴት ትመጣለች፤ ሻወር ቤቱም መያዣ ይገጠምለታል። ልጃቸው ዕቃ ማሸጉን ካንሰል አድርጋ «ለመጠየቅ ብቻ እመጣለሁ» ብላለች። ሰፊያ በአጥሩ በኩል ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፣ እትዬ «አሜን!» አሉ። እኔ እልል አልኩ። ውሻ ሁሉ ጮኸብን።

ስንቀመጥ፣ «እኔስ ተናገርኩ። አንቺስ? እንዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይ…»

ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሁለት ወር ሙሉ ሳይሽ ጠረጴዛዬን ሳትይዢ ከወንበር ተነስተሽ አታውቂም።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እንባዬ። ነገርኳቸው… ወገቤን፣ ካርቶኑን፣ ጠዋት ጫማዬን ለማሰር አልጋ ላይ መጋደሜን፣ ብናገር ሺፍት ይቀንሱብኛል ብዬ መፍራቴን። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አልመከሩኝም። አላቋረጡኝም። እንደ እሳቸው ያለ ጆሮ ሥልጠናው ላይም አላየሁ።

ሰዓቱን ሳይ አርባ ደቂቃ አውርቻለሁ። ዛሬ አላፈርኩም።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ተኩል ዶክተር ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ።