የሙሽሪት ሐኪም፦ አቶ ቢያድግልኝ ፋንታ

አቶ ቢያድግልኝ ፋንታ ከአባታቸው ከአቶ ፋንታ አለበልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ ይስማው በ1946 ዓ.ም. ቢቸና አጠገብ ተወለዱ። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመው፣ በቢቸና ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ደጀን ሄደው የጭነት መኪና መቀባት ለመዱና በ1971 ዓ.ም. ተመልሰው በሙያው ቢቸና ሥራ ጀመሩ።

በ1972 ዓ.ም. ይህን ታሪክ የጻፈችውን አገሬ ስጦታውን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ቀለም ሲረጩ አፋቸውን እንዲሸፍኑ አገሬ ያልለመነችበት ቀን የለም፤ እሳቸው ግን «ቀለሙን ሳላሸተው አላውቀውም» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የሞጣዋ ወይዘሮ ሰገነት ለሰርግ የምትከራይ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ቀይ የቅንጦት መኪና አስመጡ። አገሩ ሁሉ «ሙሽሪት» አላት። የመንገዱ ጠጠር ፊቷን ሲለቅማት የሚጠሩት አቶ ቢያድግልኝ ብቻ ነበሩ። የክብሪት እንጨት አሹለው፣ ጫፉን ቀለም አስነክተው፣ ጠጠር የበላት ነጥብ ላይ ብቻ ጠብ ያደርጋሉ፤ ሲደርቅ ይደግማሉ፣ ይሠልሳሉ። ከዚያ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ይወለውሉታል። ቁስሉ የት እንደነበር ባለቤቷም አያገኙትም።

እውነቱ ይነገርና አገሬ ቀናች። «ሙሽሪት ቆስላለች» ተብሎ ከሞጣ ሲደወል የጎረሱትን ሳይውጡ ይነሣሉ። የገዛ ቤታቸው አረንጓዴ በር ግን ቀለሙ እየረገፈ ሃያ ዓመት «ነገ» ሲባል ኖረ። አገሬን ራሷን ሲያማት «ጋደም በይ» ብለው የሚያልፉ ሰው፣ ለመኪና ተንበርክከው ይውሉ ነበር።

በጥር 2013 ዓ.ም. ሙሽሪት ልትታደስ ግቢያቸው ቆመች። አቶ ቢያድግልኝ ቀለም ሊገዙ ወጣ ሲሉ አገሬ በሣጥን ቁልፍ ከበሯ እስከ ኋላዋ ጫረቻት። ተመልሰው አዩ። «ጠጠር ከፊት ነው የሚመታ፤ ይቺ ጠጠር ግን ከጓዳ የወጣች ናት» አሉ። ለወይዘሮ ሰገነት «ሳስገባት አጥሩ ነክቷት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሙሽሪት ቢቸና አልተላከችም፤ ከነሳላቸው፣ በዚያ አቧራ፣ ሞጣ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። «ቢያድግልኝ እጁ ከዳው» ሲባልም ሰምተው ዝም አሉ።

ወይዘሮ ሰገነት እዚህ አሉና ይስሙ፤ ሰውም ሁሉ ይስማ፦ የአቶ ቢያድግልኝ እጅ የሰው መኪና ጭሮ አያውቅም። የጫረችው አገሬ ናት።

አቶ ቢያድግልኝ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ከማረፋቸው ስምንት ቀን በፊት ከአልጋ ተነሥተው፣ ክብሪታቸውን አሹለው፣ አረንጓዴውን በር ሲነካኩ ተገኙ። አገሬ ነፋስ እንዳይመታቸው ጋቢ ይዛ ሮጣ ብትደርስ፣ ቀለሙ ቀይ ነው፤ የሙሽሪት።

«በቤቴ በርም ላይ እሷው?» አለች።

«ሌላ አልተረፈኝም። ደግሞስ እሷ ደጅ ናት፤ ውስጥ ያለሽው አንቺ» አሏትና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን የትናየትን፣ ይታገስንና ጥሩአየሁን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንም ትተዋል። ልጆች፣ ዛሬ በብርዱ ራሳችሁን ሳትሸፍኑ እንዳትቆሙ። በሩንም ማንም እንዳይቀባው፤ ቀዩ ነጥብ እንዳለ ይቆይ።

የሰውን ጭረት ሲደፍኑ የኖሩትን ሰው ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የእሳቸውን ነፍስ ይማር፤ የአገሬንም ቅናት ይማር። አሜን።