ድምፅዋ ተፈቅዶ ፊቷ ስለተከለከለው እናቴ

ለክቡር የመሣሪያዎች ማረጋገጫና የዲጂታል መብት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሰላምና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እኔ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ደንበኛዎ ከጠባቧ ሱቄ ሆኜ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

ነፍሷን ይማርና፣ እናቴ በወጣትነቷ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ልብስ እያሰጣች ከአከራይዋ ጋር የምትጣላ ሴት ሆና ለአራት ደቂቃ ተውናለች። ያ ድራማ ዛሬ ፊልም በኢንተርኔት ከሚያሳየው ከእርስዎ ድርጅት በቀር የትም አይገኝም። አባቴ የዓይኑ ብርሃን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው፤ የምታክመው ሐኪም ማየቱ ከወር ብዙ አይዘልም ብላናለች። ፎቶግራፍም የስልክ ስክሪንም አይታየውም፤ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ተጠግቶ ግን እስካሁን የሰው ፊት ይለያል። የሚለምነኝ እሷን አንዴ ስትንቀሳቀስ ለማየት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. የቤታችን ቴሌቪዥን ዋና ቦርዱ ተቃጥሎ ከሌላ አሮጌ ቴሌቪዥን ባወጣሁት ቦርድ ቀየርኩት። ሙያዬ ነውና አሳምሬ ሠራሁት፤ ምስሉ ከበፊቱ ጠራ። መሣሪያው በእናንተ የተፈቀደለት መሆኑን የሚመሰክረው ቁልፍ ከተቃጠለው ቦርድ ጋር አብሮ መጣሉን ግን፣ ሃያ ዓመት ስጠግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሁን ድራማውን ስንከፍት ድምፁ ይመጣል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። እናቴ ለአከራይዋ ልክ ልኩን ስትነግረው እየሰማን አባቴ መነጽሩን ይወለውላል። ዓይኑ ያን ሰዓት የጠፋ መስሎት ሲደነግጥ አይቻለሁና ጥበቃችሁ አስተማማኝ መሆኑን እመሰክራለሁ።

2ኛ. ድራማው የሚታይበትን ስልኬን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ባገናኘው ጥቁር፤ የስልኩን ስክሪን ቀርጬ ላስቀር ብል ጥቁር። ወጥነታችሁ ያስቀናል።

3ኛ. አባቴን ደግፌ ሦስት ፎቅ አውርጄ እህቴ ቤት ወሰድኩት፤ የእሷ ቴሌቪዥን የተፈቀደለት ነው። የይለፍ ቃሌን ገና ከማስገባቴ የአንድ ቤተሰብ አባላት አይደላችሁም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከአንድ ጡት መጥባታችንን የሚያስረዳ ማስረጃ በእጃችን ስላልነበረ፣ የእኔም የእሷም መሣሪያ ምስል እንዳያሳይ ለሠላሳ ቀን ታገደ። አባቴን መልሼ ሦስቱን ፎቅ ሳወጣው በየፎቁ እየቆመ መነጽሩን ይወለውል ነበር።

4ኛ. የደንበኞች አገልግሎታችሁ ለአራቱም ደብዳቤዎቼ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እንዳበራው መክሮኛል። እኔ የምተዳደረው የሰው ቴሌቪዥን እያጠፋሁ በማብራት ነው፤ ቢሆንም ታዘዝኩ።

ክቡር ሆይ፣ ጥበቃው ለእናቴ መብት ከሆነ፣ ይህ ሰው አርባ ዓመት ያለማንም ፈቃድ ሲያያት የኖረ ባሏ ነው፤ የሚሰርቃት ነገር የለም። እኔም የማውቀውን ሁሉ ሞክሬ ጨርሻለሁ። ስንቱን የሞተ ስክሪን እንዳላስነሳሁ፣ ለገዛ አባቴ አራት ደቂቃ ማሳየት አቅቶኝ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። እባክዎን አራት ደቂቃ ብቻ ይፍቀዱልን።

ደጅ እንዳልጠና የቢሮዎ አድራሻ የጠፋብኝ፣ በመብታችሁ ጥበቃ ሥር ተጠብቄ የምኖር፣ ታማኝ አገልጋይዎና ያልተረጋገጠው ደንበኛዎ፣
ቴሌቪዥን ጠጋኙ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ አባቴን አይታው ሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን መለየት ማቆማቸውን ነግራናለች። ስለዚህ አቤቱታዬን በክብር አንስቻለሁ። ከእንግዲህ አባቴ የሚያስፈልገው ድምፁ ብቻ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥናችን መስፈርታችሁን ሙሉ በሙሉ ያሟላል።