አለት ያልነካው ምልክት

ለጥንት የሥራ ባልደረባዬ፣

ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ ጤናህን ብጠይቅ አትገረም። ጉልበትህ እንዴት ነው? ዓይንህስ አሁንም ያለ መነጽር ያነባል ወይስ እንደ ሰው ሆንክ? እኔ እግዜር ይመስገን፤ ጆሮዬ ቢደክምም እጄ መስመር አልሳተም።

የጻፍኩልህ ስለ እህቴ ልጅ ነው። መሐንዲስ ሆናለች። መሥሪያ ቤቷ የድንጋይ ከሰሉን ሳያወጣ እዚያው ከመሬት በታች እያቃጠለ ጋዙን በቧንቧ ይስባል። ከሰሉ ነዶ ሲያልቅ ከሥር ባዶ ዋሻ ይቀራል፤ ጣሪያው ይጎብጣል፤ ከላይ ያለው መሬት ይሰምጣል። ምን ያህል እንደሚሰምጥ በኮምፒውተር የምታሰላው እሷ ናት። ስሌቷ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር አለ። ቀያሾቹ ለክተው ሦስት አገኙ።

አለቃዋ በሰው ፊት፣ «የኔ እመቤት፣ መሬቱ ያንቺን ኮምፒውተር አላነበበም» አላት። ስሌቱን ከልኬቱ ጋር እንድታስታርቅ እስከ ዓርብ ቀጠራት። ካስታረቀች እሳቱ በሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ሥር እንዲያልፍ ይፈቀዳል። ቤቴ መጥታ፣ «አክስቴ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብላ ወረቀቶቿን ዘረገፈችልኝ።

ሁለት ቀን ቁጥር በቁጥር አየሁላት። አንዲት ነጥብ አልሳተችም። በመጨረሻ ልኬቱ ከየት እንደሚነሳ ጠየቅኋት። ከውሃ ማማው ጀርባ ካለው የከፍታ ምልክት ነው፤ አለት ላይ ስለቆመ አይሰምጥም ተብሎ ሁሉም ከእሱ ይለካል አለችኝ።

እኔና አንተ ቀያሾች ሳለን የተከልነው ነው።

መዝገቡ «አለት ላይ ቆሟል» ይላል፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በሁለታችን ፊርማ። አለቱን ግን አላገኘነውም። አንድ ሜትር ቆፍረን ሸክላ አፈር ላይ ስንደርስ አካፋውን ጣል አድርገህ «ትንሽ እንረፍ» አልከኝ። እኔም ተቀመጥኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ በጥድፊያ ሲሚንቶውን አፈሰስን። ያልለካሁትን ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሳቱ የከርሰ ምድሩን ውሃ ሲያሸሽ ሸክላው ደርቆ ይኮማተራል። ምልክቱም አብሮ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከሆነ፣ ዘጠኙ ለቀያሾቹ ሦስት ሆኖ ይታያል። ቆፍረው እስኪያዩ ድረስ «ነው» አልልም። እውነት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አድሮ ሕፃናት ላይ ሊወድቅ ነበር።

ለልጅቷ ነገርኳት። «አንቺ? ለአንዲት ነጥብ ደብተሬን ትቀድጂ የነበርሽው?» ብላ ሳቀች። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ምን እየሠራሁ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሙቀት ነበር አልኳት።

ትናንት ይህንኑ ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ በፊርማዬ አስገባሁ። አለቃዋ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ «እማማ፣ ይህን ማን አስጻፈዎት?» አለኝ። «ሸክላው» አልኩት። ሐሙስ ይቆፍሩታል፤ እስከዚያ እሳቱ ባለበት ይቆማል፤ የልጅቷም ስሌት አይነካም።

አንተን ግን ያን ቀን ሌላ የልኬት ጣቢያ ነበር፣ እኔን አምኖ ፈረመ ብዬ ጽፌያለሁ። ይህ ሁለተኛው ሐሰቴ ነው። ባለቤትህና ልጆችህ በዚህ ዕድሜህ ስትጠየቅ እንዲያዩ አልፈልግም። ቢጠሩህ አታስተባብል።

ሐሙስም አትምጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎን ለጎን ከቆምን፣ ሁለታችንም እዚያ እንደነበርን ፊታችን ይናገራል።

እግዜር ጤናህን ይጠብቅ፤ ቤትህን በሰላም ያኑርልህ።

አብራህ የፈረመችው ባልደረባህ