የአባዬ «ትንሽ»

ውድ አባዬ፣

ትናንት ስደውል «ትንሽ ተሽሎኛል» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ከዚያ ወዲህ ይቺን «ትንሽ» የምትላትን ነገር ሳመነዥካት ዋልኩ። ስንት ናት? ከአልጋ ወርደሃል ወይስ ዓይንህን ብቻ ገልጠሃል? ሌላ ሰው ቢሆን እጠይቀው ነበር። አንተን መጠየቅ ግን ውሃ መውቀጥ ነው።

ልጆች ሳለን «እዚሁ ቅርብ ነው» ብለህ ይዘኸን ስትወጣ፣ እህቴ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ ታለቅስ ነበር። «ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ» ካልክ ራት ያላንተ ይበላል። የምትሠራው ግንብ ከጣት ያነሰ ከዘመመ ግን «ይህ ሁሉ ተጣሞ» ብለህ ታስፈርሳለህ። የጎረቤት ልጅ ካስነጠሰም «ጠንቶበታል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ትላለህ። የሚያንሰው የራስህ ነገር ብቻ ነው።

የታመምክ ቀን እህቴ ደውላ «አባዬን ትንሽ ሆዱን አመመው» ስትለኝ፣ «ትንሽ ያለው ማነው? አንቺ ነሽ እሱ?» አልኳት።

«እሱ።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ስደርስ እህቴ ሐኪም ቤት አምጥታህ፣ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርበህ ተጣጥፈህ ላብህ ባገጭህ ይንጠባጠባል። ነርሷ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ሕመሙ ከአስር ስንት ይሆናል?» አለችህ።

«ኧረ ምን አላት፣ አንድ ትሁን» አልካት።

አንዷን ጻፈችና አለፈች። ጎንህ የነበረው፣ ጣቱ በር መሐል የገባበት ሰውዬ «አስራ ሁለት» ብሏት ስለነበር ቀድሞህ ገባ። እኔ ደሜ ፈላ። ነርሷን ተከትዬ ሄድኩና «ሲስተር፣ አባቴ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ቁጥሩ አንድ ላይ ያልቃል። ግንበኛ ነው፤ በሥራው ጠይቂው» አልኳት።

ተመለሰች። «አባባ፣ አሁን ድንጋይ ያነሣሉ?»

ፈገግ ለማለት ሞከርክ። «ምን ድንጋይ አመጣሽ ልጄ፤ ይልቅ ይቺን ብርድ ልብስ ከሆዴ ላይ አንሺልኝ፣ ከበደችኝ።»

ብርድ ልብሷ ከነጠላ አትወፍርም። ነርሷ አንዴ አየችህና ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

ትርፍ አንጀትህ ፈንድቶ ነበር፣ አባዬ። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። የእሱ «ትንሽ» ግን ወዲያው ገባኝ።

ስትነቃ ልናገርህ ያጠራቀምኩት ብዙ ነበር። አንተ እጄን ይዘህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው መልሰህ፣ «አንቺ ሳትመጪ ትንሽ ፈርቼ ነበር» አልከኝ። ፈራሁ ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ንዴቴን ያኔ ዋጥኩት። ስልክ ስትዘጋብኝ ግን ተመልሶ መጣ፣ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። መናኸሪያ ድረስ መጥተህ ቦርሳዬን ልትሸከም ብትሞክር በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ። እህቴ በሩን እንድትቆልፍብህ ነግሬያታለሁ። እንዳትቆጣት።

የማትለቅህ ነዝናዛዋ ልጅህ