ውሃ የበዛበት ሎሚ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ከመኳረፉ በቀር ምንም አልል። በደብዳቤ የመጣሁብህ፣ ስልክ ስናወራ እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው።

እንግዲህ ወደ ክሴ ልግባ። እማዬ፣ ስትሄድ የሰጠሃትን የሎሚ ችግኝ እህትህ ውሃ ነስታ ገደለችብኝ ብላ ነገረችህ አሉ። አንተም አምነህ ተቆጣህ። እኔን! ሃያ ዓመት ችግኝ ጣቢያ አፈር ሳቦካ የኖርኩትን!

ሎሚው ጠምቶት አይደለም፤ ውሃ በዝቶበት ነው። ሥር እኮ ይተነፍሳል። አፈሩ ሁልጊዜ ከራሰ አየር ያጣና ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው ጠማው ብሎ ይጨምርለታል፤ ይብስበታል። ከማሰሮው ሳወጣው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ሁለት ነጭ ሥር ብቻ ተርፎት ነበር፤ የጠቆረውን ቆርጬ ጣቢያ ወስጄ ተከልኩት። እንግዲህ እሱ ያውቃል።

ገና ከማሰሮው ሳላወጣው፣ አፈሩ ሁሌ ርሶ ሳገኘው፣ ውሃ ያበዛበታል ብዬ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤት ነው። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ግን ራሷ እየጮኸች መጣች፤ አንቺ ሴትዮ፣ በጠራ ሰማይ ከእናንተ በረንዳ ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው፣ የደንበኛ ልብስ አበሰበሳችሁብኝ አለችኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዚያ ማሰሮው አጠገብ ቆርቆሮ አስቀመጥኩና ለእማዬ፣ ባጠጣሽ ቁጥር አንድ ጠጠር ጣይ አልኳት። ሳቀችብኝ። እኔን ልታስተምሪ ነው ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ ደረቅ ካልሆነ አታጠጪ ብላ ሙያውን ያስያዘችኝ እሷ ናት።

ማታ ከሥራ ስገባ ቆርቆሮው ውስጥ አሥራ አንድ ጠጠር ቆጠርኩ። ስንቴ አጠጣሽ ብዬ ጠየቅኳት። ኧረ ልጄ፣ ዛሬማ ረስቼው ጠብታም አላየ፣ ምስኪን አለችኝና ጆጎውን አንስታ ወደ በረንዳው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አልተከራከርኳትም። አንተም አትከራከራት፤ እህትህ ገደለችው ካለችህ፣ አዎ ገደለችው በላት። እኔ አልቀየምም።

ለከርሞ እመጣለሁ ያልከውን ግን ተው፤ በዚህ ወር ና። በሩን የምትከፍትልህ እሷ ከሆነች፣ ማን ልበል ብላ እስክትጠይቅህ አትጠብቅ። ልጅሽ ነኝ በላትና ቶሎ እቀፋት።

መንገዱን አልጋ በአልጋ ያድርግልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለደግ ያገናኘን።

እህት ዓለምህ