በዘይቱ ላይ የቆመው ገንዳ

ማርች 4

ሩዝ ቀቀልኩ። ለሁለት ሰው። እጄ አሁንም ለሦስት ነው የሚሰፍረው... ትርፉን መልሼ ጆንያው ውስጥ ጨመርኩት።

ከሰዓት ሰውዬው ሳሎን ውስጥ ሜትር ይዞ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሰውዬው የምለው ባሌን ነው። ባሌ ብዬ መጻፍ ሰሞኑን አስጠልቶኛል። በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ይለካል።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ምንም።"

እሱ ምንም ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ማርች 6

ወጣ ነገሩ። አኳሪየም፣ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሊያስገባ ነው። ያውም ትልቅ፣ ሰው የሚተኛበት የሚያህል። ሲክሊድ የሚባሉ ዓሦች ሊያኖርበት። ለማየት፣ አለ። ምኑን ነው የምናየው?

"የት ልታቆመው ነው?"

"እዚህ።"

እዚህ ማለት ልጄ ጁን ሄይ ሞተር ብስክሌቱን ያቆምበት የነበረው ቦታ ነው። ሌባ ፈርቶ ማታ ማታ ሞተሩን ሳሎን ያስገባ ነበር። ከሥሩ ዘይት ይንጠባጠባል። የወለሉ ንጣፍ ላይ ጥቁር ክብ ቀርቷል፣ የሻይ ሳህን የሚያህል። በዚህ ዘይት ስንት ቀን ተጨቃጨቅን! "እማ፣ ነገ አጸዳዋለሁ" ይለኛል። ሁልጊዜ ነገ...

የልጄ ሬሳ ከቤት ሲወጣ ጓዳ አስገብተው በር ዘጉብኝ። ወላጅ ልጁን አይሸኝም ነው ደንቡ። ሳያገባ ስለሞተ ፎቶውም ቤታችን ካለው መሠዊያ ላይ ከአያቶቹ ጎን አይቀመጥም ተባለ። መቅደስ ነው ያለው፣ ከማያውቃቸው ሙታን ጋር ተደርድሮ። ቤቴ ውስጥ የቀረኝ ይሄ ዘይት ነው። ወለሉን ስወለውል ዞሬው ነው የማልፈው።

ይህን ለሰውዬው አልነገርኩትም። መንገር ነበረብኝ? አብሮኝ አይደል እንዴ የሚኖረው?

ማርች 11

ገበያ ስሄድ ጎረቤቴ አህ ፎንግ በአጥሩ በኩል "የጁን ሄይ እናት፣ ከስተሻል" አለችኝ። መንገዴን ቀጠልኩ።

እሷን ማየት አልፈልግም። ልጄ የሞተ ቀን፣ ደሙ አስፋልቱ ላይ ሳይደርቅ፣ ሰዎች በስልካቸው የሞተሩን ታርጋ ያነሱ ነበር። ለሎተሪ። አደጋ የደረሰበት ታርጋ ዕድል አለው ይላሉ። የታርጋውን አራት ቁጥር ቆርጠው በዚያው እሑድ ወጣላቸው። ወጣላቸው! የሰፈሩ ግማሽ በልጄ ደም በላ። አህ ፎንግ አዲስ ማቀዝቀዣ ገዛች። ማቀዝቀዣው ከመኪና ሲወርድ ሄጄ ፊቷ ላይ ተፋሁ።

አልጸጸተኝም። ሰውዬው ያኔ አጠገቤ ነበር። ጫማውን እያየ ቆመ። ፈሪ።

ማርች 15

ገንዳው መጣ። የዓሣ ነጋዴው ሴልቫም ከሰዎቹ ጋር ተሸክሞ አስገባው። ግርግር፣ ላብ፣ ጩኸት። በጫማቸው ነው የገቡት።

"እትዬ፣" አለኝ ሴልቫም ጥርሱን እያሳየ፣ "ባልሽ ጋሽ ዋይ ሆንግ ሲያበሳጭሽ እዚህ ውስጥ መንከር ነው!"

ሁሉም ሳቁ። ሰውዬውም ፈገግ አለ። እዚህ ቤት ውስጥ!

ትልቅ የእንጨት ሳጥን አስቀመጡ። መስታወቱ የሚቆምበት። በትክክል ዘይቱ ላይ። አንዱ ከማስቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄ ቆሻሻ ይጸዳ?" ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው "ተወው፣ አይታይም" አለ።

አይታይም...

ጓዳ ገባሁ። የዛሬውን በር በራሴ እጅ ዘጋሁት።

ማርች 16

ሰውዬው ለገንዳው አሸዋ ሲያጥብ ዋለ። በምኔ? በጎመን ማጠቢያ ሳፋዬ! ጭቃው ወንፊቴ ላይም ደርቋል።

ማርች 18

ውሃው ሩዝ የታጠበበት መስሏል። ማጣሪያው ቀንና ሌሊት ይንቦጫረቃል፣ አፉን ሞልቶ የሚጉመጠመጥ ሰው ይመስል። ሴልቫም መጥቶ አየው።

"ጋሼ፣ ውሃው ገና ጥሬ ነው። ትንሽ ይቆይ። አሁን ዓሣ ቢገባ ይሞታል።"

ሰውዬው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አሳየው። ሐሙስ አዲስ ነገር ቤት ለማስገባት መልካም ቀን ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ሰውዬው ከተወለደበት ዓመት ጋር ይጣላሉ፣ ገድ የላቸውም።

"ዓሣ ቀን መቁጠሪያ አያነብም፣ ጋሼ።"

"አንተ ዓሣውን አምጣ።"

"እኔማ ነጋዴ ነኝ፣ አመጣለሁ።"

ሁለቱም አስጠሉኝ።

ማርች 20

አስገባቸው። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሸንተረር ያላቸው ትናንሽ ሲክሊዶች። ከአፍሪካ ሐይቅ ነው አሉ ዘራቸው። ድንጋይ ደረደረላቸው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ይዞ ሌላውን ያባርራል። ሰውዬው ወንበር ስቦ ፊታቸው ተቀመጠ። የሾርባው ጎድጓዳ ሳህን ጭኑ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ወደ እኔ ዞሮ "አየሽ ቢጫዋን?" አለ። እኔ ያየሁት ሳጥኑን ነው።

ማርች 23

ሞቱ። መጀመሪያ ከውሃው ጫፍ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ቆዩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተገለበጡ። በሕይወት የቀሩት የሞቱትን ዓይን በልተዋል። ዓይን ብቻ! ቢጫዋ ማጣሪያው አፍ ላይ ተጣብቃ ጅራቷ ይንቀጠቀጣል፤ ያለች ትመስላለች፣ የለችም።

ሰውዬው በሩዝ መጥለቂያዬ ሊያወጣቸው ሲል እጁን መታሁት። በእጁ አወጣቸው። እየለቀመ ጋዜጣ ላይ ሲያስቀምጣቸው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደሚል አልሰማሁም። መስማትም አልፈለግሁም።

ማርች 24

ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ገብቷል። ታጠብኩ። አሁንም አለ።

ኤፕሪል 21

የቀሩትም ሞተው ሰውዬው ባዶ ውሃ ሲያስተናግድ ከረመ። አሁን ሴልቫም "በሰለ" አለው። ጥሩ ነው እንግዲህ፣ ውሃም ይበስላል።

ዛሬ አንድ ዓሣ ብቻ አመጡ። ሉዎሃን ይሉታል። እሱም ሲክሊድ ነው፣ ሰው አዳቅሎ የሠራው። ቀይ፣ ትልቅ፣ ግንባሩ ላይ የሕፃን ጡጫ የሚያህል እባጭ። ሰው ሁሉ ይህን እባጭ ዕድል ነው ይላል። እኔ በሽታ ነው የታየኝ። ሌላ ዓሣ አጠገቡ አያኖርም፣ ይገድለዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዳ ለሱ ብቻ ነው። ልጄ ከሩዝ ጆንያና ከአሮጌ ማራገቢያ ጋር በተጋራው ክፍል ነው ያደገው።

ማቀዝቀዣዬን ስከፍት ከቶፉው፣ ከአኩሪ አተር አይቡ ጎን፣ ለዓሣው የሚሰጥ የቀዘቀዘ ቀይ ትል። በቸኮሌት ቅርጽ ተቆራርጦ። ዘጋሁት። እራት አልበላሁም።

ኤፕሪል 27

በገንዳው ፊት ሳልፍ ዓሣው ይከተለኛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ስቆም ይቆማል። ለሰውዬው እንዲህ አያደርግም፤ እንዲያውም ትናንት እጁን ነክሶት ደማ። ድንጋዩንም በአፉ እየገፋ ገለባብጦታል።

ለምን እኔን? ትል የምሰጠው እኔ አይደለሁ። መስታወቱን በመጥረጊያ መታሁት። አልሸሸም። እያየኝ አፉን ይከፍታል ይዘጋል...

ሜይ 3

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ከተበላሸ ይበላሽ።

የዓሣው ወሬ ሰፈር ወጥቶ ከሰሞኑ ሰው ይመጣል። ጎኑ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች ቁጥር ነው ብለው ያነባሉ። ለሎተሪ! አንዱ ሰባት ነው ይላል፣ ሌላው አይ አንድ ነው። ሰውዬው ሊያስወጣቸው ቢሞክርም አይሰሙትም። ዛሬ እሱ በሌለበት አህ ፎንግ ራሷ ገባች። ቤቴ። መነጽሯን አድርጋ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

"ውጪ" አልኳት።

"ቆይ እስቲ፣ ሦስት ነው ስምንት?"

"ውጪ አልኩሽ! በልጄ ታርጋ የበላሽው አይበቃሽም?"

ቀጥ አለች። መነጽሯን አወለቀች።

"እኔ የበላሁት ማቀዝቀዣ ነው፣ የጁን ሄይ እናት። ከሁላችን በላይ የወጣለት ባልሽ አይደል እንዴ? ይሄ ሁሉ መስታወት ከየት መጣ መሰለሽ?"

"ትዋሻለሽ።"

"ጠይቂው። ለመሆኑ ያን ቀን የተፋሽው እኔ ላይ ብቻ ለምን ሆነ?"

ወጣች። ያን ጊዜ ሰውዬው ጫማውን ሲያይ... ፈሪ ነው ብዬ ነበር። ፈሪ ቢሆን ይሻል ነበር።

ሜይ 4

ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት በረኪናውን አመጣሁ። የገንዳውን ክዳን አነሳሁ። የጠርሙሱን ክዳን ፈታሁ። ዓሣው ምግብ መስሎት ወደ ላይ መጣ። ያ እባጩ ከውሃው ብቅ አለ፣ አፉ ተከፈተ።

አዘንኩለት ብዬ አልዋሽም። አስጠላኝ። ከሁሉ ያስጠላኝ ግን ማመኑ ነው።

ዞር ስል ሰውዬው በሩ ላይ ቆሟል። ጠርሙሱን ያያል። አልቀማኝም።

"ጨምሪበት" አለ። "ከፈለግሽ።"

"በልጅህ ታርጋ ሎተሪ ቆረጥክ?"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ሞተሩን ከገዛንለት ቀን ጀምሮ ስቆርጠው የኖርኩት ቁጥር ነው። ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ረስቼው ነበር... በየሳምንቱ ይቆርጠው ነበር፣ አንድም ቀን አልወጣም። ጁን ሄይ ይስቅበት ነበር። "አባ፣ አንተን የሚጦርህ እኔ ሳልሆን ሞተሬ ነው" ይለው ነበር።

"ሲሞትስ? ለምን አላቆምክም?"

ዓሣው የነከሰውን እጁን አሻሸ። ማጣሪያው ይንቦጫረቃል።

"ባቆም... አሁን ሞተ ማለት ይሆንብኛል ብዬ። ሌሎቹ ስለሞተ ቆረጡት። እኔ እንዳልሞተ ሆኜ ቆረጥኩት። እና ወጣ።"

"በላኸዋ።"

"ልበላው አቃተኝ። ልጥለውም አቃተኝ። ሩዝ ልግዛበት? አንቺን በሱ ላብላሽ? የማይበላ ዓሣ ገዛሁበት።"

በረኪናው አፍንጫዬን ያቃጥለኝ ነበር። ከፈትኩት እንጂ አልዘጋሁትም ለካ።

"እዚያ ላይ ያቆምከውስ ለምንድን ነው? ሌላ ግድግዳ የለም?"

"በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ዘይት ነው። ሞተሩን እስኪያስገባ በሩን ይዤ የምቆምለት እኔ ነበርኩ። አሁንም ይዤው እቆማለሁ። ደከመኝ፣ ሱክ ዪን።"

ስሜን ከጠራኝ ቆይቷል።

"እኔ ደግሞ" አልኩት፣ "ወደ ሳሎን የምወጣው እሱን ለማየት ነበር። ሌላ ምን ተውልኝ? ሬሳውን አላየሁ። ፎቶው መቅደስ ነው። አንተ መጣህና ዓሣ አስቀመጥክበት።"

አፉን ከፈተና ዘጋው። ልክ እንደ ዓሣው። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሜይ 5

ሲመሽ ሰውዬው የቀዘቀዘውን ትል ከማቀዝቀዣዬ አውጥቶ በበረዶ ሣጥን ውጭ አኖረው። ሳልጠይቀው።

ሜይ 11

ገንዳውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርነው። ሰውዬው ቀን መቁጠሪያውን አላየም። እኔ አየሁት፣ ዛሬ ከባድ ዕቃ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው ይላል።

ውሃውን በጎማ ወደ ቦይ ስናወጣ ግማሽ ቀን ፈጀ። ዓሣውን የት እናኑረው? ሌላ ሰፊ ዕቃ የለም፤ ጎመን ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ዳግም ጎመን አላጥብበትም። ክብ ክብ እየዞረ ያየኛል። አሁንም ያስጠላኛል። ግንባሩ ያስጠላኛል፣ ትሉ ያስጠላኛል፣ አተያዩ ያስጠላኛል። ውሃ እንዳይሞቅበት ግን ከፀሐይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አህ ፎንግ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ "ወዴት ልትወስዱት ነው? ዕድል እኮ ከቦታው አይነሳም!" ብላ ጮኸች።

"ዕድልሽን ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ፈልጊ!" አልኳት።

ሊያግዘን የመጣው ሴልቫም ከት ብሎ ሳቀ። ሳጥኑን አንድ ጎን እሱ፣ አንድ ጎን እኛ ይዘን ገፋነው። ከሥሩ የበሰበሰ እንጨት፣ የደረቀ ትል፣ ውሃ ያቆረ ወለል። በረሮዎች ወዲያ ወዲህ ተበተኑ።

ዘይቱ ግን አለ። ጠርዙ ትንሽ ፈዟል እንጂ አለ።

ሴልቫም ሲሄድ በረሮዎቹን እኔ ጠረግሁ። ዋይ ሆንግ ጨርቅና ባልዲ ይዞ መጣ። ተንበርክኮ ወለሉን ከግድግዳው ጀምሮ አደረቀ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። የዘይቱ ክብ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ... ከዚያ ዞሮት አለፈ።