በሁለት ደቂቃ ስለታከመው ወንድሜ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ፍጹም ጤነኛ እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጤናዎን አጥብቄ የምመኝበትን ምክንያት ከታች ያገኙታል።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ደወል የደወልኩ ሴት ነኝ። ባለፈው ሰኞ ታናሽ ወንድሜን ደረቱን አፍኖት ልክ በሦስት ሰዓት አምጥቼ ካርድ ክፍል አስመዘገብኩት። ሐኪሙ ዘንድ የገባነው ለአራት ሰዓት አስር ጉዳይ ሲል ነው፤ በአራት ሰዓት ከሃያ አረፈ።

አንደኛ፣ በሐኪሙ በር ላይ እርስዎ ያስለጠፉትን ማስታወሻ እንዳነብ ሰፊ ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሮቹ ሰዓታቸውን ከኔትወርክ የሚያስተካክሉበት አገልግሎት «መስመር ስለሚያጨናንቅ» እንደተዘጋና ሠራተኛው በእጁ እንዲያስተካክል ይላል፤ ከነማኅተሙ በቃሌ ይዤዋለሁ። ካርድ ክፍል ያለችው አስተካክላለች። ሐኪሙ ግን በሽተኛ ከቦት እንኳን ሰዓት ሊያስተካክል ቀና ብሎም አላየን፤ ስንገባ የግድግዳው ሰዓት ለአራት አስር ጉዳይ ሲል የእሱ ስክሪን ሦስት ሰዓት ከሁለት ይል ነበር።

ሁለተኛ፣ አቤቱታዬን በሦስት መስመር ስለመለሳችሁልኝ እጅ እነሳለሁ። በሦስት ሰዓት ተመዝግቦ በሦስት ሰዓት ከሁለት ስለታከመ የዘገየ አገልግሎት የለም ብላችኋል። እሰይ፣ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና የት ይገኛል!

ሦስተኛ፣ ከዚያው ከሐኪሙ ኮምፒውተር የወጣው የሞት ወረቀት በሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት አረፈ ይላል። በዚያች ደቂቃ ወንድሜ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሆኖ፣ ተራችን ደረሰ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ እግሩ ስላበጠ የጫማውን ማሰሪያ እንድፈታለት ለምኖኝ ተንበርክኬ ነበር። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ የሬሳ ጫማ ስፈታ ነበር ማለት ነው።

ወንድሜን መልሱልኝ አላልኩም። አርባ ስምንቱን ደቂቃ ብቻ መዝገቡ ላይ መልሱልኝ፤ ጠብቆ እንደሞተ ይጻፍልኝ። መስመሩ ምን ያህል እንደቀለለልዎትም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቀልጣፋ ሥራዎን እያደነቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ በታላቅ አክብሮት፣
በሁለት ደቂቃ የታከመው ሰው ታላቅ እህት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አንድ ቀን የእርስዎንም ደረት ቢያፍነውና እዚያው አግዳሚ ላይ ቢቀመጡ በፍጹም አይስጉ፤ የፈለገውን ያህል ቢጠብቁ መዝገቡ በሁለት ደቂቃ ታክመዋል ይላል። ብቻ የጫማ ማሰሪያዎን የሚፈታልዎ ሰው ይዘው ይምጡ።